«ፎርማት አርግልኝ አቦ!»

ሐረር ውስጥ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ግቡና አምስት ደቂቃ ቁሙ። የምትሰሙት አንድ ቃል ነው። ተንቀራፈፈ? ፎርማት። ቫይረስ ገባ? ፎርማት። ድምፅ አልወጣ አለ? እሱም ፎርማት! ጥፋቱ የጠጋኙ ብቻ አይደለም። ላፕቶፑን በብብታችን ሸጉጠን «ፎርማት አርግልኝ አቦ!» እያልን የምንገባው እኛው ነን።

እኛ ግን ይሄ ስንፍና ነው እንላለን፤ ዋጋም እያስከፈለን ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሱቅ ሒሳብ፣ የእህት የሠርግ ፎቶ ሌላ ቅጂ ሳይኖራቸው ከፎርማቱ ጋር ይሄዳሉ።

«ግን እኮ ይፈጥናል» ትሉናላችሁ። እውነት ነው፣ ይፈጥናል። የሚፈጥነው ግን ኮምፒውተሩ ሲከፈት አብረው የሚነሡት ፕሮግራሞች ስለተጠረጉና ዲስኩ ስለቀለለ ነው። ይህን ያለ ፎርማትም ማድረግ ይቻላል። ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፣ ስታርትአፕ የሚለው ውስጥ ግቡ፣ የማትፈልጉትን አጥፉ። ሲ ድራይቭንም እስከ አፍንጫው አትሙሉት። ልማዳችን ካልተለወጠ ግን ፎርማት የተደረገውም ከጥቂት ወራት በኋላ መንቀራፈፉ አይቀርም።

ሌላው ኃጢአታችን ሙቀት ነው። በርጫ ላይ ላፕቶፑን ፍራሽ ላይ ጥለን ፊልም እናያለን። ፍራሹ የአየር መተላለፊያውን ይደፍናል፤ አቧራው ደግሞ ማራገቢያውን ያንቃል። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። እኛም «አርጅቷል» ብለን እንፈርድበታለን! ደረቅ ነገር ላይ አስቀምጡት፤ አቧራውንም አልፎ አልፎ አስጠርጉ።

መብራቱስ? «ስታቢላይዘር አለን» የሚሉ አሉ። ስታቢላይዘር የኃይሉን መዋዠቅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን አያቆይም። ሥራችሁን ሴቭ አድርጋችሁ እስክታጠፉ ፋታ የሚሰጣችሁ ዩፒኤስ ነው። ውድ ነው? ልክ ናችሁ። እንግዲያው መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ሲመጣም ትንሽ እስኪረጋ ጠብቁ። ላፕቶፕ ያላችሁ ደግሞ ባትሪው ራሱ ዩፒኤሳችሁ ነውና አውጥታችሁ አታስቀምጡት።

ፍላሽን ካነሣን፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት ተመልሶ ሳይመረመር ይሰካል። ከዚያ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ይሆናሉ። ብዙውን ጊዜ ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው። የሚያጠፋቸው ደንግጦ ፍላሹን ፎርማት የሚያደርገው ሰው ነው። ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ለመጫን አንቲቫይረስ ማጥፋትስ ምን ይሉታል? የጁገል በሮች እኮ ድሮ ማታ ማታ ይዘጉ ነበር! እኛ ዘበኛውን አስተኝተን በሩን ወለል አድርገን እንከፍታለን። አፕዴትንም ችላ አንበል፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

እስቲ አንድ ቀን ሸሪፍ ሐረር ከተማ ሙዚየም ግቡ። በእጅ የተጻፉ የድሮ መጻሕፍት ታያላችሁ። ለእኛ የደረሱት ሰው ስለገለበጣቸው፣ ስለጠረዛቸው፣ ስለጠበቃቸው ነው። በዚህ ከተማ እየኖርን የአራት ዓመት ልፋታችንን በአንድ ፎርማት ስናጠፋ ትንሽ አናፍርም?

ዛሬ ማታ ፋይላችሁን ሁለተኛ ቦታ ገልብጡ። ከዚያ በኋላ ፎርማት ካማራችሁ፣ እንደፈለጋችሁ አቦ!