ለስደት ተመላሾች የሚሰጠው ድጎማ ለማን ይገባል?

ርዳታ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጥቂቱ ገንዘብ ለሁሉ የተበተነ እንደ ሆነ ማንንም አያቋቁምም። በ2006 ዓ. ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሰዋል፤ ከነርሱም ብዙዎቹ ከገጠር የሄዱ ነበሩ። እንግዲህ በልደታ ክፍለ ከተማ ለተመላሾች ድጎማ ሲታሰብ መዝጋቢው አስቀድሞ የነዋሪነት መታወቂያ የጠየቀ እንደ ሆነ፥ በዕዳዋ አፍራ ወደ ትውልድ መንደሯ መግባት ያልቻለችው እኅት ከመዝገቡ ውጭ ትቀራለች። መመለሷን የይለፍ ወረቀቷ ይመስክር፤ መለኪያው ችግር ይሁን፤ ሕፃን የያዘ፥ የታመመ፥ የደላላ ዕዳ የከበደው ይቅደም። በሐዋርያት ዘመን መበለቶች በዕለት ምግብ ስለ ተዘነጉ ሰባት ዲያቆናት ተሾሙ። ዛሬም የወረዳው ሹም፥ የአጥቢያው ካህንና የመስጊዱ ሼኽ አብረው ቢመሰክሩ የተዘነጋው ይገኛል።