መዝገቡን ማን ይያዘው?

ሾላ ገበያ፣ ከቅቤውና ከበርበሬው መደዳ ወጣ ብለው ባሉት የፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ ወታደር ቤት ለመግባት የሚያመለክት ወጣት ቴምፖራሪውን፣ የስምንተኛ ክፍል ካርዱንና የቀበሌ መታወቂያውን ያስባዛል። በሰው ሀብት አስተዳደር የተመረቀው በሙያው ማገልገል ይፈልጋል። ግን ለየትኛው የሥራ መደብ ነው የሚያመለክተው? የምልመላ ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ፣ ቁመት፣ ክብደትና የትምህርት ደረጃ ይዘረዝራል፤ መደብ ግን አይጠቅስም።

ለምን? ሠራዊት የመሣሪያውንና የስምሪቱን ምሥጢር መጠበቁ ተገቢ ነው። የሰው ኃይል ባለሙያ መመዘኛ ቢታወቅ ግን የሚጎዳው ማን ነው? አመልካቹ በየትኛው ማዕረግ እንደሚጀምር፣ ስንት ዓመት የማገልገል ግዴታ እንዳለበት፣ ሻምበል ባሻ ለመሆን በምን እንደሚመዘን ሳይፈርም ማወቅ የለበትም? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 87 የሠራዊቱ ስብጥር የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ሚዛናዊ ተዋጽኦ እንዲኖረው ያዛል፤ መመዘኛው ካልታየ ይህ መፈጸሙን ሕዝቡ በምን ያረጋግጥ?

የሰው ኃይል ባለሙያን ሥራ «የቢሮ ሥራ ነው» እያሉ የሚያቃልሉት አሉ። የወታደሩን ፈቃድ፣ ዕድገትና የጡረታ ዘመን የሚመዘግበው ታዲያ ማን ነው? በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን አገልግሎቱን የሚያስረዳ ወረቀት ያጣ ወታደር መብቱን በምን ይጠይቅ? በ2013 ዓ.ም. የጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያው ስምምነት ሲቆም፣ የልጇን ደብዛ ያጣች እናት መልስ የምትጠብቀው ከማን መዝገብ ነበር? የቅርብ ተጠሪ ስም ተሳስቶ ከተጻፈ መርዶው የማንን በር ያንኳኳል?

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን የምልመላው መንገድ ነው። ደርግ በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ካወጣ በኋላ የመጣው አፈሳ ገና ከሰው ልብ አልወጣም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በኦሮሚያ ከተሞች ለውትድርና ምልመላ በሚል ሕፃናት ጭምር ከፈቃዳቸው ውጪ ተይዘው እንደነበር አስታወቀ። የእነዚያን ልጆች ዕድሜ ያጣራ ሰነድ ነበር? ከነበረ ማን ፈረመበት? ካልነበረስ በምን ሥልጣን ተያዙ?

መዝገቡ ላይ የተቀመጠው ሃምሳ አለቃ «ይህ ሕፃን ነው፤ አልመዘግብም» ቢል፣ ከአለቃው ቁጣ የሚጠብቀው የትኛው መመሪያ ነው? ካለስ ገና ሲያመለክት ለምን አይነበብለትም?