ፓስወርዱም አማና ነው

በዚህ ወር የምንወያይበት ጉዳይ ከአንዲት እናት የደረሰን ደብዳቤ ነው። እህታችን ስማቸው እንዳይወጣ ስለጠየቁን እኛም አደራቸውን ጠብቀናል።

የደብዳቤው ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው። ልጃቸው በኮምፒዩተር ሳይንስ ተመርቃ ከሦስት ዓመት በፊት ብዙ ሺህ ሠራተኞች ባሉት አንድ ትልቅ ድርጅት ተቀጠረች። የመጀመሪያ ሥራዋ ስልክ እያነሳች ‹‹ኮምፒዩተሬ አልከፈት አለኝ››፣ ‹‹ፕሪንተሩ ወረቀት ነከሰ›› የሚሉ የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች መርዳት ነበር። አባቷ ‹‹አራት ዓመት የተማረችው ለዚህ ነው?›› እያሉ ሲቆጩ ከረሙ። ልጅቱ ግን ታግሳ ሠራች። ዘንድሮ የደንበኞች መዝገብ ወደሚጠበቅበት ክፍል በዕድገት ተዛወረች። ቤተሰቡም አላህን አመሰገነ።

ደስታው ብዙም ሳይቆይ ፈተና መጣ። የአባቷ እህት ሴት ልጃቸውን ለኒካሕ የጠየቀ አንድ ወጣት አለና፣ ‹‹እስኪ ኮምፒዩተርሽን ከፍተሽ ስንት ብር እንዳለው፣ ማታ ማታም ለማን እንደሚደውል እይልን›› አሏት። ልጅቱ ‹‹አክስቴ፣ አፉ በይኝ፣ ይህን ማድረግ አልችልም›› ብላ መለሰች። አክስት ‹‹ሥራ ስታገኝ ዘመድ ረሳች›› ብለው አኮረፉ። ለዒድ እንኳ የወንድማቸውን ደጃፍ አልረገጡም። እናት የሚጠይቁን እንግዲህ ይህንን ነው፦ ‹‹ልጄ ዝምድና ቆረጠች ወይስ ልክ ሠራች? የአክስቷ ልጅ ሳታውቀው አግብታው ብትጎዳስ ተጠያቂዎች አንሆንም ወይ?››

እህታችን ሆይ! ልጅዎ ልክ ሠርታለች። እንዲያውም ከተመረቀችበት ቀን ጀምሮ ከሠራቻቸው ሥራዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ምክንያቱን እናስረዳ።

በትልቅ ድርጅት ውስጥ የኮምፒዩተር ባለሙያ ማለት የግምጃ ቤት ቁልፍ የተሰጠው ሰው ማለት ነው። ነጋዴ የመጋዘኑን ቁልፍ ለጠባቂ ሲሰጥ እህሉን አልሰጠውም። ጠባቂውም ‹‹ቁልፉ በእጄ ነው›› ብሎ ለዘመዱ አንድ ቁና ቢሰፍር ሌባ ይባላል እንጂ ዘመድ ወዳድ አይባልም። የደንበኛ ሂሳብና የስልክ ዝርዝርም እንዲሁ ነው። ልጅቱ ያንን መዝገብ እንድታይ የተፈቀደላት ሥራው ሲያስገድዳት ብቻ ነው። ከዚያ ያለፈው የሰውን ነውር መሰለል ነው። ይህ ደግሞ በሱረቱል ሑጁራት በግልጽ ተከልክሏል።

ቁርኣን ስለ ሥራና ስለ ኃላፊነት የሚነግረንን ሁለት ታሪኮች እናስታውስ። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) በግብፅ የምድሪቱ ግምጃ ቤቶች ኃላፊ እንዲሆኑ ራሳቸውን ሲያቀርቡ ያነሱት ዘራቸውን ወይም ዘመዳቸውን አልነበረም። ጠባቂነታቸውንና ዐዋቂነታቸውን ነበር። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) በመድየን ሳሉም ከሁለቱ እህትማማቾች አንዷ አባቷ እንዲቀጥራቸው ስትመክር ጥንካሬያቸውንና ታማኝነታቸውን ጠቅሳለች። በሁለቱም ቦታ ችሎታና አማና አብረው ተነስተዋል። አንዱ ብቻውን አይበቃም። ችሎታ ኖሮት ታማኝነት የጎደለው ሰው አደገኛ ነው፤ ታማኝ ሆኖ ሥራውን የማያውቅም ሳያስበው ያጠፋል።

የአገራችንም ሕግ ከዚሁ ጋር ይስማማል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሚገባን ሰው ብቻ ሳይሆን ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ የሚገባንም ይቀጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። በተጨማሪ ደግሞ በትልልቅ ድርጅቶች ውስጥ ማን፣ መቼ፣ የማንን መዝገብ እንደከፈተ ኮምፒዩተሩ ራሱ ይመዘግባል። ‹‹አንድ ጊዜ አይቼ ልዝጋው›› ብሎ ነገር የለም። ልጅዎ እሺ ብትል ኖሮ ሦስት ዓመት የገነባችው ሥራ በአንዲት ደቂቃ ሊፈርስ ይችል ነበር። አላህ ዘንድ ያለው ምዝገባ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል።

ስለ አክስቷ ልጅ ያነሱት ሥጋት ግን ተገቢ ነው። ለኒካሕ የመጣን ሰው ማጣራት ከወላጅ የሚጠበቅ ነው። ፋጢማ ቢንት ቀይስ የጠየቋትን ሰዎች በተመለከተ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ.) ባማከረች ጊዜ የሚያውቁትን በግልጽ ነግረዋት፣ ከእነርሱ ይልቅ ኡሳማ ኢብን ዘይድን እንድታገባ መክረዋታል። ስለዚህ ጎረቤቱን፣ የሥራ ባልደረባውን፣ የሚሰግድበትን መስጊድ ጀመዓ ጠይቁ። የተጠየቀም ሰው የሚያውቀውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይናገር። ስለ ገቢው ልጁን ራሱን በሽማግሌዎች ፊት ጠይቁት። በሩ ይህ ነው። ልጅቱ እንድትገባ የተጠየቀችው በመስኮት ነው።

አሁን ወደ ልጆቻችን የሥራ ሕይወት እንመለስ። በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ በዚህ ሙያ የሚመረቁ ወንድሞችና እህቶች ብዙ ናቸውና የልጅቱ ጉዞ ለእነርሱም ትምህርት አለው።

አንደኛ፣ የመጀመሪያዋን ወንበር አትናቁ። ስልክ እየተቀበለ የሠራተኛውን ችግር የሚፈታ ጀማሪ ድርጅቱ በምን እንደሚንቀሳቀስ ከማንም በፊት ያውቃል። የትኛው ፕሮግራም በወር መጨረሻ እንደሚዘገይ፣ ሒሳብ ክፍሉ ምን እንደሚቸግረው በዚያ ወንበር ይማራል። ኔትወርክ፣ ዳታቤዝ፣ የመረጃ ደኅንነት ወይም ፕሮግራም መጻፍ የሚባሉት ክፍሎች አዲስ ሰው ሲፈልጉ ብዙ ጊዜ ዓይናቸውን የሚጥሉት እዚያው በትዕግሥት ባገለገለው ላይ ነው። አባቶች ሆይ! ‹‹ለዚህ ነው የተማርከው?›› የሚለው ቃል ልጅን ይሰብራል። በእሱ ፋንታ ‹‹ዛሬ ምን አዲስ ነገር አወቅህ?›› ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ የሠራችሁትን ጻፉ። ችግሩ ምን እንደነበረ፣ መንስኤው ምን እንደሆነ፣ በምን እንደተፈታ በየቀኑ መዝግቡ። አለቃ ሲቀየር የሚመሰክርላችሁ ይህ ጽሑፍ ነው። ዕውቀትን ለራሱ ብቻ ደብቆ ‹‹ያለ እኔ አይሠራም›› የሚል ሰው ለጊዜው የተፈለገ ይመስለዋል። ነገር ግን ከዚያ ወንበር ማንም አያነሳውም፤ የሚተካው ሰው የለማ!

ሦስተኛ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ተማሩ። ኔትወርክ የመረጠ ሲሲኤንኤ የሚባለውን የሲስኮ ፈተና ይዘጋጅ። ከመዝገብ ጋር መሥራት የመረጠ ኤስኪውኤልን ጠንቅቆ ይወቅ። ብዙ ሰርቨሮች የሚሠሩት በሊኑክስ ነውና እርሱንም መልመድ ይጠቅማል። ሊኑክስ በነፃ ስለሚገኝ በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይም ቤት ውስጥ መለማመድ ይቻላል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመጀመር አንዱን መጨረስ ይሻላል።

አራተኛ፣ ማንኛውንም ለውጥ በጥንቃቄ አድርጉ። በ1445 ዓ.ሒ. ረመዳን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በማርች 2024፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በአንድ ሌሊት የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በኮምፒዩተር ሥርዓቱ ላይ ከተደረገ ማሻሻያ ጋር በተያያዘ ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ከእነርሱም ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩም ገንዘቡ እንዲመለስ ጥሪ አድርጓል። ከዚህ ሁለት ትምህርት እንወስዳለን። ባለሙያው ለውጥን በቅድሚያ ሞክሮ፣ ቢበላሽ መመለሻውን አዘጋጅቶ፣ በሌላ ሰው ዓይንም አስፈትሾ ይሥራ። ደንበኛውም ማሽኑ ስለሰጠው ብቻ የእርሱ ያልሆነው ሐላል እንደማይሆንለት ይወቅ። መጠባበቂያ ቅጂ መያዝም ብቻውን አይበቃም። ቅጂው በእርግጥ ተመልሶ የሚከፈት መሆኑን በየጊዜው መሞከር ያስፈልጋል።

አምስተኛ፣ ፓስወርዳችሁን ለማንም አትስጡ፤ ለጓደኛም፣ ለአለቃም፣ ለባል ወይም ለሚስትም ቢሆን። የማያስፈልጋችሁ መግቢያ በስማችሁ ካለ ‹‹ይነሳልኝ›› በሉ። ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ስትዛወሩ የድሮው ፈቃድ ሳይዘጋ ብዙ ጊዜ ይቀራልና ራሳችሁ አስታውሱ። እንዲህ የሚያደርግ ሠራተኛ ከፍ ላለ ኃላፊነት ቢታጭ አይገርምም።

ስድስተኛ፣ ሶላታችሁንና ፈረቃችሁን አስቀድማችሁ አስማሙ። የኮምፒዩተር ክፍል ሌሊትም በዓልም አያርፍም። በገናና በፋሲካ ተረኛ የሆነ ሙስሊም፣ ዒድ ሲደርስ ክርስቲያን ባልደረባው ይተካዋል። ይህ በየመሥሪያ ቤቱ የኖርንበት መልካም ልማድ ነው። ለሴት ልጆቻችን ደግሞ የሌሊት ፈረቃ ሲኖር ማን እንደሚያደርሳት ቤተሰቡ አስቀድሞ ይነጋገር። በሩ ላይ ቆሞ ከመቆጣት ታክሲው ድረስ ሄዶ መቀበል ይበልጣል።

በመጨረሻም፣ እህታችን ሆይ! አማናን መጠበቅ ዝምድናን መቁረጥ አይደለም። ይሁን እንጂ ኩርፊያው በዚሁ እንዳይቀር ልጅዎ ቀድማ ትሂድ። እርስዎም ባለቤትዎም አብረዋት ሂዱ፤ እጃችሁንም ባዶ አታድርጉ። ልጅቱ አክስቷን በአክብሮት እንዲህ ትበላቸው፦ ‹‹አክስቴ፣ እኔ የእርሱን ዛሬ ብከፍት፣ ሌላዋ ደግሞ የልጅሽን ነገ ትከፍታለች። የሰውን ምስጢር የምጠብቀው የአንቺም እንዲጠበቅ ነው።›› ወጣቱን በትክክለኛው መንገድ ለማጣራትም የቤተሰቡ ወንዶች ይነሱ። ያኔ አክስት ዘመድ እንዳልረሳቻቸው በተግባር ያያሉ።

አላህ (ሱ.ወ.) የልጆቻችንን ሥራ ሐላልና በረካ ያድርግልን፣ የተጣሉ ዘመዶችንም ያስታርቅልን። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።