የምፔምባ አይስክሬምና የክፍላችን ሳቅ

ሳይንስ ሲባል በብዙዎቻችን ኅሊና ቀድሞ የሚመጣው የተኮሳተረ ፊት፣ በቀመር የተሞላ ሰሌዳና የፈተና ጭንቀት ነው። ይህን ድባብ ለማለዘብ በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያና እንደኛ ባሉ መጽሔቶች «ይህን ያውቁ ኖሯል?» የሚል ዓምድ ይከፈታል፤ ጥቂት ቀልድም ይታከልበታል። አንቃወመውም፤ እኛም ስንጠቀምበት ኖረናል። ሆኖም ቀልድ በሳይንስ ላይ እንደ ሚጥሚጣ ከላይ ብቻ ሲነሰነስ ማየት አያጠግበንም። ከምርምሩ ከራሱ የሚወጣ ሳቅ አለና።

ከዚሁ ከምሥራቅ አፍሪካ አንድ ታሪክ እናንሳ። እ.ኤ.አ. በ1963 በዛሬይቱ ታንዛኒያ፣ በማጋምባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይማር የነበረው ኢራስቶ ምፔምባ ከጓደኞቹ ጋር አይስክሬም ይሠራ ነበር። ልማዱ ወተቱን ማፍላት፣ ስኳር መጨመር፣ ካበረዱትም በኋላ ወደ ማቀዝቀዣ ማስገባት ነው። ቦታው ሊያልቅበት ሲል ግን ምፔምባ ትኩሱን ወተት እንዳለ ከተተው። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ የእርሱ ጠጥሮ፣ ወተቱን ጨርሶ ሳያፈላ ያስገባው ጓደኛው ግን ገና ወፍራም ፈሳሽ ሆኖ ተገኘ። መምህሩን ቢጠይቅ ተምታቶብሃል ተባለ። ከዓመታት በኋላ በሌላ ትምህርት ቤት ጥያቄውን ሲደግም፣ ይህ የምፔምባ ፊዚክስ እንጂ የዓለም ፊዚክስ አይደለም የሚል መልስ ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ ልጁ በተሳሳተ ቁጥር ክፍሉ በስሙ ይሳለቅበት ጀመር።

በኋላ ከዳሬ ሰላም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ዶክተር ዴኒስ ኦስቦርን ለጉብኝት መጡ። ምፔምባ ያንኑ ጠየቀ፤ ተማሪዎቹም ያንኑ ሳቁ። እንግዳው ግን እንደሚሞክሩት ቃል ገቡ። ሙከራውን የሠራው የላቦራቶሪ ባለሙያ ትኩሱ ውሃ በእርግጥ ቀድሞ መርጋቱን አስታወቀ፤ ነገር ግን ትክክለኛው ውጤት እስኪገኝ ድረስ እንደሚደጋግሙት ጨመረበት!

ይህን ስናነብ ከልብ ሳቅን፤ ወዲያውም አፈርን። በፔንዱለም ሙከራ 9.8 እስኪመጣለት ድረስ ከመልሱ ተነሥቶ ወደ ኋላ ያላሰላ ከመካከላችን ማን ነው?

የምፔምባና የኦስቦርን ጽሑፍ በ1969 ታተመ። ልጁ ትክክል ነበርን? ክርክሩ አልተዘጋም። በ2012 የብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲ ኦቭ ኬሚስትሪ ምክንያቱን ለሚያስረዳ ውድድር ቢያወጣ ከ22,000 በላይ መልሶች ጎረፉለት። በ2016 ደግሞ ሁለት ተመራማሪዎች ውሃው ዜሮ ዲግሪ እስኪደርስ የሚወስደውን ጊዜ ለክተው አሳማኝ ማስረጃ እንዳላገኙ ጻፉ። ቢሳሳት እንኳ፣ አንድ የአይስክሬም ሳህን ግማሽ ምዕት ዓመት የፊዚክስ ሊቃውንትን ሲያከራክር መኖሩ አያስቅምን?

ለሳቅ የማይፈሩም አሉ። አንድሬ ጋይም በኔዘርላንድስ ሳለ ሕያው እንቁራሪት በ16 ቴስላ ገደማ የማግኔት መስክ አየር ላይ አንሳፈፈ። ውሃ ከማግኔት መስክ በጥቂቱ ይገፋል፤ መስኩ እጅግ ሲበረታ ግፊቱ የእንስሳዋን ክብደት ይሸከማል። ለዚህም በ2000 ከማይክል ቤሪ ጋር፣ አስቀድሞ የሚያስቅ ቀጥሎም የሚያሳስብ ሥራ የሚከበርበትን ኢግ ኖቤል ተሸለመ። በ2010 ከኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ ጋር ዋናውን ኖቤል ያገኘበት ግራፊንም ቢሆን ከግራፋይት ላይ የተላጠው ቢሮ ውስጥ በማይጠፋ ተራ ፕላስተር ነው።

በእኛ ክፍሎች ሳቅ አልጠፋም፤ የተበላሸው አቅጣጫው ነው። ከባዱን ነገር ትተን በጠያቂው እንስቃለን። ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ለምን?» ስትል ክፍሉ ቢያውካካና መምህሩም አብሮ ፈገግ ቢል፣ ያ እጅ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ላይነሣ ይችላል። የፊዚክስ ክፍል ምን እንዳጣ የሚመዘግብ የለም። በሚኒ ሚዲያ የምናነባቸው መቶ ቀልዶች ያንን እጅ አይመልሱትም። ስለዚህ የሳይንስ ክበቦች ከቀልድ ዓምዳቸው ጎን «የሚያስቅ ጥያቄ» የሚል ሳጥን እንዲያኖሩ፣ በየሳምንቱም አንዱን ጥያቄ መርጠው በእውነት እንዲሞክሩት እንጠይቃለን።

ለመጀመር ያህል፣ ማቀዝቀዣ የምታገኙ አንባቢያን እኩል ውሃ በሁለት ተመሳሳይ ኩባያ፣ አንዱን ትኩስ ሌላውን ቀዝቃዛ አድርጋችሁ አስገቡና የምታዩትን ጻፉልን። የማታምኑትን ንባብም ሳትሰርዙ ላኩት።