የፎገራ ላም የት ትቁም?

ባለፈው ሳምንት በጥቁር ሰሌዳው ላይ «ላም» ብዬ ጻፍኩ። ተማሪዎቼ ሁሉ በየደብተራቸው ጻፉት። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ግን እርሳሳቸውን አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ ጽሕፈቷንስ ጻፍናት፤ ላሚቱ የት ትቁም?» አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ።

ወገኖቼ፣ እኔ ከደብረ ታቦር በኩል የመጣሁ የደጋ ልጅ ነኝ። ዕድሜዬ ሃያ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ። ስለ እርሻ ላስተምራችሁ አልደፍርም። ፊደል ላስተምር መጥቼ ከእናንተ ብዙ ተማርኩ፤ የተማርኩትንም ማንበብ ለጀመራችሁት ለእናንተው ልጽፍላችሁ ነው። ከተሳሳትኩ ጽፋችሁ አርሙኝ። አሁን ትችላላችሁ እኮ!

እስቲ አገራችሁን ከላይ ሆነን እንያት። በምሥራቅ ጉና አለ፤ ከፍታው ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። በምዕራብ ጣና አለ፤ ከፍታው 1,800 ሜትር ያህል ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ወገን ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ገደሉን ሲወርዱ ይሮጣሉ፤ ሜዳው ላይ ሲደርሱ ግን ይደክማሉ። ሲደክሙም የተሸከሙትን አፈር ይጥላሉ። የፎገራ ሜዳ እንዲህ በውኃ ተሸክሞ የመጣ አፈር ነው። አፈሩ የእኛ የደጋዎቹ ነው ማለት ነው! ማሳችሁን የሚያጠግበው እሱ ነው። የወንዙን ሆድ ሞልቶ ውኃውን ወደ ደጃችሁ የሚገፋውም እሱ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብ ሞልቶ ስንቱን ቤት እንዳፈናቀለ እናንተው አይታችኋል። እኛም ጉናን ስናራቁት እጃችን አለበት፤ ይኽን ሳላምን ስለ እናንተ ሜዳ መጻፍ አይገባኝም።

ወረታ በዚህ ሜዳ ጫፍ የመንገድ መገናኛ ናት። አንዱ መንገድ ባሕር ዳርን ከጎንደር ያገናኛል፤ ሌላው ቻይናዎች የሠሩት፣ በደብረ ታቦር አድርጎ ወልዲያ የሚደርሰው ነው። ዛሬ ከተማዋ ስትገቡ የምትሰሙት የሩዝ መፈልፈያ ድምፅ ነው።

ሩዝን ልወቅስ አልመጣሁም። ቀድሞ ውኃ የሚተኛበት ሜዳ በክረምት ለእህል አይሆንም ነበር። ውኃው ሲሸሽ ጓያና ሽንብራ ይዘራበት ነበር። ጓያን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ በችግር ጊዜ እሱ ብቻ ሲበላ እግር ይይዛል። በ1968 እና በ1969 ዓ.ም. አካባቢ በደንቢያና በፎገራ ብዙ ሰው በጓያ ምክንያት ሽባ ሆኗል። ከዚያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግድም ሩዝ መጣ። በደራ ጅግና፣ በፎገራ ደግሞ ሻጋ በነበሩት የአምራቾች ማኅበራት ተሞከረ፤ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎችም ነበሩበት። «ኤክስ ጅግና» የምትሉት ዘር ስሙ ከዚያ የመጣ ነው። ጠላት የነበረው ውኃ ወዳጅ ሆነ። ሩዙ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሆነ፤ ተሸጦም ቆርቆሮ ቤት ሠራ፣ ልጅ አስተማረ። በወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቋመ። ይኽን ማን ይጠላል?

ነገር ግን ሩዙ የተዘራው ባዶ ቦታ ላይ አልነበረም። ያ «ባዶ» የተባለው ሜዳ የላም ቤት ነበር።

የፎገራ ላም በአገር የታወቀች ናት። በአገራችን ካሉት የከብት ዝርያዎች በወተቷ ትመሰገናለች። ረግረግ ውስጥ ቆማ ትግጣለች፤ ሙቀቱንና ዝንቡን ትችላለች። በክረምት ሜዳው ሲጥለቀለቅ ወደ አፋፉ ትወጣለች፣ በበጋ ውኃው ሲሸሽ ወደ ጣና ዳር ትወርዳለች። ይኽን ዝርያ የሚጠብቅ፣ በባሕር ዳር አቅራቢያ በአንዳሳ በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመ የምርምር ጣቢያ አለ። ይሁን እንጂ የላም ዝርያ በጣቢያ ብቻ አይኖርም። በገበሬ ደጅ ካልኖረ አልቋል ማለት ነው። አሁን ግጦሹ ሲጠብ ላሞቹ ይሸጣሉ፤ የቀሩትን ደግሞ ከየትም የመጣ ኮርማ ያጠቃቸዋል፤ ጥጃው የእናቱን መልክም ወተትም አይዝም። አንዲት እናት በክፍል ውስጥ፣ «በልጅነቴ ወተት ለጎረቤት በነፃ ይሰጥ ነበር፤ ዛሬ ለልጅ ልጄ በብር እገዛለሁ» አሉ። ታዲያ የሩዝ ጭድ አለ አይደል? ትሉ ይሆናል። አለ፤ በጋውንም ያሻግራል። ግን ጭድ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ወተት አይሆንም።

ከግጦሹ ጋር ውኃውም እየሄደ ነው። ወላላንና ሸሸርን ታውቃላችሁ። ክረምት ሲሆን ከርብ የሚሞሉ፣ በጋ ከብት የሚጠጣባቸው፣ ወፍ የሚሰፍርባቸው፣ ዓሣ የሚራባባቸው ረግረጎች ናቸው። ከሰማይ በተነሡ ምስሎች እንደተለካው፣ ሸሸር በ1979 ዓ.ም. አካባቢ ከ1,500 ሄክታር በላይ ነበር። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከ150 ሄክታር በታች ሆነ። ውኃውን ማን ወሰደው? ለእርሻ ተብሎ ቦይ እየተቀደደ ተንጣፈፈ፤ ለሽንኩርትም በሞተር ተሳበ። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት መዝግቧል። መመዝገቡ ደግ ነው። ሸሸር ጥግ ቦይ የሚቀድ ሰው ግን መዝገቡን አላየውም።

አሁን ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። ጎረምሳው ይነሣና፣ «እኔስ? በ1989 ዓ.ም. መሬት ሲሸጋሸግ አልተወለድኩም። የአባቴ ማሳ ለአምስት ልጅ አይበቃም። ሜዳው እያለ ልራብ?» ይላል። ይኽን የሚለው የእኔ እኩያ ነው። እውነቱን ልናገር፣ እኔም የዚህ አገር ልጅ ብሆን ይኽንኑ እል ነበር። ስለዚህ «ወጣቱ አይረስ» ብዬ ልደመድም አልችልም። ግን አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፦ ወንድሜ፣ ግጦሹ እስከ ዛሬ ሲገፋ ለመሬት የለሹ ነው የደረሰው ወይስ ግጦሹን ተጠግቶ ማሳ ለነበረው? እኔ ያየሁት፣ በሬና ሞተር ያለው ቀድሞ እንደሚገፋ ነው። ሜዳው ለመሬት የለሾች ይሰጥ ከተባለ እንኳ፣ መጀመሪያ ስንት እንደሆነ፣ ከየት እስከ የት እንደሆነ መታወቅ አለበት። ካልታወቀ ለማንም አይሰጥም፤ ይሰረቃል እንጂ።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ፤ መደመርና መቀነስ ጨርሰናል። ስፋቱ 40 እርምጃ የሆነ ግጦሽ አለ እንበል። በግራም በቀኝም ማሳ አለ። የግራው ሰው በየዓመቱ 1 እርምጃ ብቻ ይገፋል። የቀኙም 1 እርምጃ። ማንም አይጣላም፤ አንድ እርምጃ ምን አላት? በ20 ዓመት ስንት ቀረ? መልሱን በደብተራችሁ ጻፉት።

ሽማግሌዎች ወሰኑን ያውቁታል ትሉኛላችሁ። አዎ፣ «ከግራሩ እስከ ቦዩ» ይላሉ። ግራሩ ግን ተቆረጠ፤ ቦዩም ቦታውን ቀየረ፤ ሽማግሌውም ሰው ናቸውና ያልፋሉ። በቃል ያለ ወሰን በየዓመቱ ከማረሻ ጋር ይሄዳል። በወረቀት ያለ ወሰን ግን ክርክር ሲነሣ ይነበባል። ለየማሳችሁ የይዞታ ደብተር ይዛችሁ የለም እንዴ? የወል መሬትም በወል ስም ይመዘገባል። ለምን የራሳችንን ብቻ በሣጥን ቆልፈን የጋራውን ሜዳ ላይ እንጥለዋለን?

እንግዲህ የምለው ይኽ ነው። የገበሬ ማኅበራችሁ አባላት አንድ ቀን ሜዳው ላይ ውጡ። ሽማግሌዎች፣ እናቶችና መሬት የለሽ ወጣቶች አብረው ይውጡ። በገመድ ለኩ። ርዝመቱንና ስፋቱን ጻፉ፤ የማይነቀል ድንጋይ ትከሉ። ከብቱ የሚጠጣበት ረግረግ እንዳይንጣፈፍ ተስማሙና እሱንም ጻፉ። ጥሩ የፎገራ ኮርማ ያለውን ሰው ስም ጻፉ፤ ሌላው ኮርማ ይኮላሽ። ለወጣቱ የሚሰጥ ካለም ስንት እንደሆነ በቁጥር ጻፉ። ከዚያ ቃለ ጉባኤው ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ በጣት አሻራ ሳይሆን በፊርማ ይፈረም። ጸሐፊው ከከተማ የመጣ ሰው አይሁን፤ እኔም አልሁን። ከእናንተ አንዱ ወይም አንዷ ይጻፍ። ፊደሉ ቢጣመም ግድ የለም።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ብዙ አባቶችና እናቶች በኩራዝ ፊደል ቆጥረው ነበር። ከእነሱ አንዳንዶቹ ዛሬ እንደገና ከ«ሀ» የጀመሩ በክፍሌ አሉ። ለምን ረሳችሁት? ስላቸው፣ «የምንጽፍበት ጉዳይ አልነበረንም» አሉኝ። ይኸው ጉዳይ።

ትናንት ማታ እኒያ አባት ከትምህርት በኋላ ወደ ኋላ ቀሩና፣ «ወሰን የሚጻፈው በየትኛው ሰ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። በእሳቱ «ሰ» ነው አልኳቸው።