ከተማችንን በእግራችን እንወቃት

ዲላን የሚያውቃት ማን ነው? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም። በከተማዋ ተወልደን ያደግንም ሆንን ለትምህርት ወይም ለሥራ መጥተን የሰነበትን ሁላችንም «እናውቃታለን» ማለታችን አይቀርም። ይሁን እንጂ የየዕለት ጉዟችንን በወረቀት ላይ ብንነድፈው ከመኖሪያችን ወደ ሥራችን ወይም ወደ ትምህርት ክፍላችን፣ ከዚያም ወደ ገበያና ወደ መናኸሪያ የሚያደርሱ ጥቂት መስመሮችን ብቻ እናገኛለን። የቀረው ወረቀት ባዶ ነው። እንግዲህ የምናውቀው ከተማዋን ሳይሆን በውስጧ የዘረጋነውን የራሳችንን ልማድ ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ለአንባቢያን የምናቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ይኸውም የከተማን የውስጥ ለውስጥ መንገዶች አንድም ሳያስቀሩ በእግር ማዳረስ ለማንኛውም ነዋሪ፣ በተለይም ለሳይንስ ተማሪ፣ የሚገባ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው የሚል ነው። በሌላው ዓለም ይህን በትጋት የያዙ ሰዎች አሉ። የማኅበረሰብ ሳይንስ መምህር የነበረው ዊሊያም ሄልምራይክ የኒው ዮርክን መንገዶች ከሞላ ጎደል በሙሉ በእግሩ ተጉዞ ያየውን እ.ኤ.አ. በ2013 በመጽሐፍ አሳትሟል። የተጓዘው ርቀት ወደ 9,600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ዲላ ግን ኒው ዮርክ አይደለችም። በሰዓት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር የሚራመድ ሰው በየቅዳሜው ሁለት ሰዓት ብቻ ቢመድብ በ50 ሳምንታት ከ400 እስከ 500 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ይህም ከዲላ እስከ አዲስ አበባ ካለው 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ይበልጣል። ከዚህ ውስጥ ግማሹ በድግግሞሽ ቢባክን እንኳ በዓመት 200 ኪሎ ሜትር አዲስ መንገድ ይተርፈዋል።

ነገሩን ከሳይንስ ጋር የሚያገናኘው ምንድን ነው? በስታቲስቲክስ ትምህርት እንደሚታወቀው ለእጁ የቀረበውን ብቻ እየለቀመ ናሙና የሚወስድ ተመራማሪ የሚደርስበት ድምዳሜ የተዛባ ይሆናል። ሁልጊዜ በአንድ መንገድ የሚመላለስ ነዋሪም ስለ ከተማው የሚሰጠው አስተያየት ከዚህ አይለይም። መንገዱን ሁሉ የሚያዳርስ ሰው ግን ናሙና አይወስድም፤ ቆጠራ ያካሂዳል።

ይህ መዛባት በዲላ ላይ የሚከብድበት ታሪካዊ ምክንያት አለ። ከተማችን እ.ኤ.አ. እስከ 1970ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ድረስ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ማብቂያ ነበረች። ከይርጋጨፌና ከዚያ ወዲያ ካለው አገር የሚመጣው ቡና የሚራገፈውና የሚሸጠው እዚሁ ስለነበር የንግድ ከተማ ሆና አደገች። መንገዱ ወደ ሞያሌ ከዘለቀ በኋላም ዲላን አላፊ አግዳሚው የሚያውቃት ከአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ በሚያየው ነገር ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 59,150 ነዋሪዎች የነበሯት ይህች ከተማ ከዚያ ወዲህ በእጅጉ የሰፋችው ግን ከአስፋልቱ ርቀው በሚገኙት ሠፈሮች ነው።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በአውራ ጎዳናው ዳር የተደፈነ ቦይ ቢኖር በማግሥቱ ሁሉም ያየዋል፤ አቤቱታውም ፈጥኖ ይሰማል። በቅያሱ ውስጥ ጎርፍ መሸርሸር የጀመረው ስንጥቅ ግን የአንዲት እናት ደጃፍ እስኪደርስ ድረስ የሚያየው አይኖርም። የጎርፉ ምክንያት ከማንም የተሰወረ አይደለም። ቀድሞ ዛፍና እንሰት የነበረበት መሬት በቆርቆሮ ጣሪያና በድንጋይ ንጣፍ ሲሸፈን ወደ አፈር ይሰርግ የነበረው የዝናብ ውኃ በአንድ ጊዜ ወደ ቁልቁለቱ ይወርዳል። ፍጥነቱና ጉልበቱ በጨመረ መጠን የሚቦረቡረው አፈር ይበዛል። ዲላን በመሰለች በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ተዳፋት ላይ በተቀመጠች ከተማ ይህን በወቅቱ ማየት የብዙ ቤቶች ጉዳይ ነው። አንዱን ቅያስ በጥር እና በሐምሌ ሁለት ጊዜ ያየ ተማሪ ስለ አፈር መሸርሸር ከመማሪያ መጽሐፉ የማያገኘውን ይማራል፤ የተማረውንም ለቀበሌው ማስረዳት ይችላል።

ለዚህ የታወቀ አብነት አለን። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ የኮሌራ ወረርሽኝ በተነሳ ጊዜ ሐኪሙ ጆን ስኖው የሟቾችን ቤት በየመንገዱ እየተከታተለ በካርታ ላይ አሰፈረ። ሞቱ ብሮድ ስትሪት በሚባለው መንገድ በሚገኝ አንድ የውኃ መቅጃ ዙሪያ መብዛቱን በማሳየቱም በሽታው በተበከለ ውኃ የሚተላለፍ መሆኑን ለማስረዳት ቻለ። ያን ጊዜ የበሽታው ጀርም በሰፊው የታወቀ አልነበረም። ለመልሱ በር የከፈቱት እግርና ካርታ ነበሩ።

የሒሳብ ተማሪዎችም ድርሻ አላቸው። ስዊዘርላንዳዊው ሊዮናርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1736 የኬኒግስበርግን ሰባት ድልድዮች እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ በመሻገር ማዳረስ እንደማይቻል አረጋገጠ። ሕጉ ቀላል ነው። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ የሚገናኙትን መንገዶች እንቁጠር። ሁሉም መጋጠሚያዎች ሙሉ ቁጥር ከሆኑ መንገዶቹን ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ሄደን ወደ ተነሳንበት መመለስ እንችላለን። ጎዶሎዎቹ ሁለት ከሆኑ ከአንደኛው ተነስተን በሌላኛው እንጨርሳለን። ከዚያ ከበዙ ግን መደጋገም ግድ ነው። መስቀለኛ መንገድ አራት ነውና ሙሉ ነው፤ ባለ ሦስት መገንጠያ ጎዶሎ ነው፤ መውጫ የሌለው ቅያስም መጨረሻው አንድ ብቻ ስለሆነ ጎዶሎ ነው። መገንጠያና መውጫ የሌለው ቅያስ የበዛበት ሠፈር ተጓዡን እንደሚያመላልሰው ከዚህ እንረዳለን። ድግግሞሹን እንዴት እናሳንሰው የሚለውን ጥያቄ ደግሞ ቻይናዊው የሒሳብ ሊቅ ጓን መይጉ እ.ኤ.አ. በ1960 አቅርቦታል። ደብዳቤ የሚያድል ሰው መንገዱን ሁሉ አዳርሶ በአጭር ርቀት እንዲመለስ ምን ያድርግ? መልሱ ጎዶሎ መጋጠሚያዎችን ሁለት ሁለት እያጣመሩ፣ የሚደጋገመው ርቀት በጠቅላላ አነስተኛ የሚሆንበትን ጥምረት መምረጥ ነው። አንባቢ የራሱን ሠፈር በእርሳስ ነድፎ ቢሞክረው ትምህርቱን ከነጣዕሙ ያገኘዋል።

የከተማዋ ቅያሶች እየጠበቡ ሄደው በመጨረሻ ከገጠሩ የእግር መንገዶች ጋር ይገናኛሉ። እዚያም የእንሰቱና የቡናው ጥምር እርሻ፣ ከላዩም ጥላ የሆኑት አገር በቀል ዛፎች ይቀበሉናል። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በዚህ እርሻ፣ በተከበሩ ደኖቹና በትክል ድንጋዮቹ ነው። ቱቱ ፈላንና ጨልባ ቱቲቲን ጨምሮ በዞኑ ከ60 በሚበልጡ ሥፍራዎች ከ10,000 በላይ ትክል ድንጋዮች እንደሚገኙ ይገመታል። ለረጅም ጊዜ ከመካከለኛው ዘመን የማይቀድሙ መስለው ይታዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ኢትዮጵያዊው የአርኪዮሎጂ ባለሙያ አሸናፊ ዜናና ባልደረቦቹ ይፋ ያደረጉት ጥናት ግን የሳካሮ ሶዶዎቹ ወደ አንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሚደርሱ አመለከተ። ገበሬው በየቀኑ በአጠገባቸው ያልፍ ነበር። በዕውቀታችን ላይ ሺህ ዓመት የተጨመረው ግን በዚያው የእግር መንገድ ሄዶ፣ ቆፍሮና ለክቶ የጠየቀ ሰው በመገኘቱ ነው።

በሐሳባችን ላይ ተቃውሞ መነሳቱ አይቀርም። አንዳንዱ «ይህ የሥራ ፈት ዙረት ነው» ይል ይሆናል። ዙረትን ከጥናት የሚለየው ግን ማስታወሻ መያዙ ነው። የተሄደበትን ቀን፣ የመንገዱን ዓይነት፣ ቦኖ ውኃው ያለበትን፣ ቦዩ የተደፈነበትን ጽፎ የሚመለስ ሰው ሥራ ፈት አይባልም። ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ የከበደ ነው። ወንድ ልጅ እንደልቡ በሚዘዋወርበት ቅያስ ሴት ተማሪ በዚያው ልክ ተዝናንታ አትሄድም። ይህ እውነት ነው፤ ስለዚህም ጉዞው በቡድንና በቀን ብርሃን ይሁን እንላለን። የትኛው ቅያስ መብራት እንደሌለው፣ የትኛው እንደሚያስፈራ በካርታ ላይ መስፈሩም ከሁሉ የሚበልጥ መረጃ ነው። ሦስተኛው የሰው ደጅ ጉዳይ ነው። የእግር መንገድ ሁሉ የሕዝብ አይደለም፤ ወደ ጓሮ የሚያስገባም አለ። ባህላችን ያስተማረንን ሰላምታ ማስቀደም፣ ፈቃድ መጠየቅና ሳይፈቀድ ፎቶግራፍ አለማንሳት ግዴታ ነው። «ማንን ፈለጋችሁ?» ብለው ለሚጠይቁ አባትም የመጡበትን ጉዳይ በአክብሮት ማስረዳት ይገባል፤ የሠፈሩን ታሪክ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ አይገኝምና።

መሣሪያው ከአቅማችን በላይ አይደለም። ደብተርና እርሳስ ይበቃል። በሳተላይት ቦታን የሚያመለክት የእጅ ስልክ ያለው ደግሞ የሄደበትን መስመር መመዝገብ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በተጀመረውና ማንም ሰው ሊያርመው በሚችለው ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይም የጎደለውን ቅያስ መጨመር ይችላል።

በመጨረሻም አንድ ተጨባጭ ሐሳብ እናቅርብ። በፋኩልቲው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ትልቅ የዲላ ንድፍ ይሰቀል። ቅያስ አዳርሶ የተመለሰ ሁሉ የሄደበትን መስመር በቀለም ያስምር፤ ከሥሩም ያየውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ዓመቱ ሲፈጸም ቅጂው ለከተማው ማዘጋጃ ቤት ይሰጥ። ያን ጊዜ ቀለም ያልነካው ቦታ የት እንደሆነ ሁላችንም እናያለን፤ የሚቀጥለው ዓመት ሥራም ከዚያ ይጀምራል።