ከውሻው በፊት ባለቤቱ ይጠየቅ

«የኔ ውሻ ሌላ ውሻ ካየ አይምርም!» ይህን በኩራት የሚናገር ሰው በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ልጁ የጎረቤት ልጅ ቢፈነክት አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ የሚጠይቅ አባወራ፣ ውሻው የሰፈሩን ውሻ ማጅራት ይዞ ሲያራግፍ ደረቱን ይነፋል። የሚኮራበት ጀግንነት ከየት እንደመጣ ልንገረው፤ ራሱ ካሰረው ሰንሰለት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ግቢ ያለው ሰው ውሻ የሚያሳድግበትን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቡችላው ጡት ሳይጠግብ ከእናቱ ይነጠቃል። በሩ አጠገብ የቆርቆሮ ጎጆ ይሠራለታል፣ አንገቱ ላይ ሰንሰለት ይገባለታል፣ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይለቀቃል። «ሰው እንዳታስለምዱት፣ ከለመደ አይጠብቅም» ይባላል። ልጆች እንዳይነኩት ይከለከላሉ። «ይክፋ» ተብሎ በርበሬ የሚበላ አለ፤ ጆሮው በምላጭ የሚቆረጥም አለ። ከብረቱ በር ጀርባ ሆኖ የሚያየው ዓለም ከሥር ባለችው ክፍተት የሚያልፍ እግር ብቻ ነው፤ የሰው እግር፣ የበግ እግር፣ የሌላ ውሻ እግር። ውሻ ሲያልፍ ይጮኻል። አላፊው መንገደኛ ነውና መንገዱን ይቀጥላል፤ የታሰረው ግን ያባረረው እሱ ይመስለዋል። ነገም ይጮኻል፣ ከነገ ወዲያም ይጮኻል፣ በየቀኑ ያሸንፋል። እንዲህ ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ ቀን መኪና ሲገባ በሩ ይከፈታል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ። ሥጋ ቤቱ በር ላይ የምትተኛ፣ ማንንም ነክሳ የማታውቅ ቡናማ ውሻ ነበረች፤ ገና ቡችሎቿን እያጠባች ነበር። ከግቢው የወጣው ውሻ አልጮኸም፣ አላሸተታትም፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ አንገቷን ያዘ። ሰዎች ተሰበሰቡ። ከመሃላቸው «በለው! ያዘው!» የሚሉ ነበሩ። በመጨረሻ ያላቀቃቸው የሥጋ ቤቱ ልጅ የደፋው አንድ ባልዲ ውኃ ነው። ባለቤቱ ውሻውን እየጎተተ ሲመለስ «የመንገድ ውሻ ናት፣ ምን አለበት?» አለ። ደሟ ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ። ቡችሎቿን የሰፈር ልጆች ተከፋፈሏቸው፤ ከእነሱም ቢያንስ አንዱ ዛሬ በሰንሰለት ላይ ነው።

«ዝርያው ነው፣ ጀርመን ሼፐርድ እንዲህ ነው» የሚለውን ሰበብ አልቀበልም። ዝርያ ድርሻ የለውም ማለቴ አይደለም። ግን ያው ዝርያ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮችን በከተማ መንገድ መሃል ሲመራ የኖረ ነው። በሰው ግርግር መካከል፣ በሌላ ውሻ አጠገብ ዝም ብሎ ያልፋል። ልዩነቱን የፈጠረው አስተዳደጉ ነው። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለዓመታት ቡችሎችን ሲያጠኑ ኖረው በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ነገሩን አስረድተዋል። አንድ ቡችላ ዓለሙን በቀላሉ የሚለምደው ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንቱ ባለው ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ሌላ ውሻ፣ ልጅ፣ ሽማግሌ፣ መኪና በሰላም ያየ ቡችላ አድጎም አይደነግጥም። እኛ እነዚያን ሳምንታት ነው በቆርቆሮ ሥር የምንቀብራቸው። ከዚያ በኋላ የምናየው «ጀግንነት» አብዛኛውን ጊዜ ፍርሃት ነው።

እኔ ጋ ያለው ውሻ እንዲህ ካለ ግቢ የወጣ ነው። ቤት የቀየሩ ሰዎች ጥለውት ሊሄዱ ሲሉ ወሰድኩት። ሰንሰለቱ የበላው የአንገቱ ዙሪያ እስከ ዛሬ ፀጉር አላበቀለም። ሌላ ውሻ ሲያይ መጀመሪያ የሚሆነው ትንሽ ነገር ነው፤ ሲያለከልክ የነበረ አፉ ይዘጋል። ከዚያ ጭራው እንደ ዱላ ይደርቃል፣ የጀርባው ፀጉር ይቆማል፣ ወደ ፊት እግሮቹ ያጋድላል፣ ዓይኑ ይተከላል። ጩኸቱ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚመጣው። «ድንገት ተነሣበት» የሚሉ ባለቤቶች ይህን ሁሉ ቆመው አላዩም። ውሻቸው ነግሯቸው ነበር።

አፉ የተዘጋ እንደሆነ መንገድ እንሻገራለን። ሌላው ውሻ ሩቅ ሲሆን፣ የኔው ገና ስሙን ሲጠሩት ዞር በሚልበት ርቀት ላይ ሳለን፣ የተቀቀለ ሥጋ በትንሽ በትንሹ አጎርሰዋለሁ። ያ ውሻ ከዓይን ሲሰወር ሥጋውም ይቆማል። ርቀቱን የምናጠበው እሱ ሲረጋጋ ብቻ ነው። ወራት የሚፈጅ ሥራ ነው፣ ወደ ኋላም ይመለሳል። ግን ይሠራል፤ ዛሬ ከመንገዱ ማዶ ውሻ ሲያይ ቀድሞ የሚያየው እጄን ነው። በጠባብ መንገድ አፉ ላይ እንደ ልቡ የሚያለከልክበት፣ ውኃም የሚጠጣበት ቅርጫት መሰል መሸፈኛ አደርግለታለሁ። «አያሳዝንህም?» ይሉኛል። ዕድሜውን ሙሉ ታስሮ ሲኖር ያዘነለት ሰው አልነበረም!

በዱላ አስተካክላለሁ የሚለው ደግሞ እሳት ላይ ቤንዚን የሚያርከፈክፍ ነው። ውሻው ሌላ ውሻ ሲያይ ጀርባው ላይ ዱላ ካረፈ የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ ያኛው ውሻ ሲመጣ ሕመም ይመጣል። ሲያጉረመርም የሚመታው ደግሞ ማስጠንቀቂያውን ያጠፋበታል፤ ሳያጉረመርም የሚነክስ ውሻ የሚሆነው እንዲህ ነው። «ተዋቸው፣ ተጣልተው ይግባባሉ» የሚለውን ምክርም የሰጠ ሰው የእንስሳት ሐኪሙን ሂሳብ አብሮ ይክፈል።

ነገሩ የውሾች ጠብ ሆኖ ብቻ አይቀርም። የእብድ ውሻ በሽታ በምራቅ፣ በንክሻ ይተላለፋል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚሞቱ ሰዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት በሽታው የሚደርሳቸው ከውሻ ነው። በባሌ ተራሮች የሚኖረው፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ወዲህ ከውሾች በተላለፈበት በዚሁ በሽታ ደጋግሞ አልቋል። ውሻውን ሳያስከትብ ለጠብ የሚለቅ ሰው ጎረቤቱን በሞት ያጫውታል።

ሕጉ የለም እንዳትሉኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ሳያስበው ቢያመልጠውም እንኳ። «በሩ ተከፍቶ ነው» የሚለው ሰበብ ከስድሳ ዓመት በፊት ተዘግቷል። የጎደለው ከሳሽ ነው። የጎዳና ውሻ ከሳሽ የለውም፣ ጎረቤትም ለይሉኝታ ሲል ዝም ይላል። ዝም አትበሉ። ውሻችሁ ከተነከሰ የሐኪሙን ደረሰኝ ይዛችሁ የባለቤቱን በር አንኳኩ፤ ካልሰማ ወደ ቀበሌ፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ሂዱ።

ውሻ ያላችሁ ደግሞ አጥራችሁን አጠናክሩና ሰንሰለቱን ፍቱ። አስከትቡት፣ በገመድ ይዛችሁ በየቀኑ አውጡት፣ ቡችላ ከሆነ ሰውና ውሻ አስለምዱት። የለመደ ውሻ ቤቱን ይጠብቃል፤ እንግዳውን ከሌባው መለየት የሚችለው እንዲያውም እሱ ነው። ይህን ለማድረግ ጊዜ የሌለው ሰው ውሻ አያሳድግ።